ቦታ የሚለቅልን ሰው

ሰባት ዓመቴ ላይ ከሰማይ በታች እንደ አንድ የመጥረጊያ እንጨት የማከብረው ነገር አልነበረም። ሳቁብኝ፣ ግድ የለም። እንጨቱ ጀልባችን ጣሪያ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ጫፉ ላይ በፕላስቲክ ከረጢት የተጠቀለለ ሞባይል ታስሮበታል። ሞባይል ያኔ ጡብ የሚያክል ነገር ነበር፤ ታች ጀልባው ውስጥ ኔትወርክ ስለማይገባ አባቴ እዚያ ሰቀለው። እናቴ ሻይ እያፈላች በመስኮት አንገቷን ታወጣና ቀና ብላ ታየዋለች። አባቴ እንጨት ሲፈልጥ መጥረቢያውን አንስቶ መሀል ላይ ቆም ይልና ያዳምጣል። ትልልቆቹ እንዲህ የሚፈሩትን ነገር እኔ እንዴት አላከብረው?

«ማን ነው የሚደውለው?» ብዬ ጠየቅኳቸው።

«የማናውቀው ሰው፣» አለች እናቴ።

«የማናውቀው ሰው ለምን ይደውልልናል?»

«ጥያቄሽን ተዪና ዳቦሽን ብዪ፣ ሊኔት፣» አለ አባቴ። አባቴ ክላይቭ ክፉ ነገር አይወጣውም፤ መልስ ሲጠፋው ግን ዳቦ ያቀርባል።

ጀልባችን «ትዕግሥት» ትባላለች። ርዝመቷ የከተማ አውቶቡስ ያስንቃል፤ ወርዷ ግን አባቴ እጆቹን ቢዘረጋ ግራና ቀኝ ግድግዳውን ሊነካ ምንም አይቀረውም። በእንግሊዝ አገር፣ ጀልባ እንዲሄድበት በተቆፈረው በሽሮፕሻየር ቦይ ላይ ወዲያና ወዲህ እንላለን። ማሰሪያ የምንለው፣ ጀልባ የሚታሰርበት ቋሚ ቦታ ስለሌለን አንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆም አይፈቀድልንም፤ ሲሞላን ገመድ ፈትተን ወደሚቀጥለው እንሄዳለን። አድራሻችን ድልድይ ነበር። ሌላው ሰው የቤት ቁጥር ሲናገር አባቴ «ከወፍጮ ቤቱ በላይ ያለው ድልድይ ሥር ነን» ይላል። ፖስታችን በየመንደሩ ፖስታ ቤት በስማችን ይቀመጥልናል። የእናቴ ካርቶኖች ደግሞ በወር አንዴ በመኪና መጥተው ውኃው ዳር ባለ አንድ መጠጥ ቤት ጓሮ ይወርዳሉ፤ እኔና አባቴ በእጅ ጋሪ እየገፋን እናመጣቸዋለን።

ጀልባ ላይ የሚኖር ሰው ኑሮው መሙላትና መድፋት ነው። ውኃ ከቧንቧ እንሞላለን። የሽንት ቤቱን ሳጥን ተሸክመን ሄደን እንደፋለን። ናፍጣ እንሞላለን፣ የምድጃውን አመድ እንደፋለን። ስለዚህ እናቴ መጋረጃ ጋርዳ፣ ከካርቶኑ ያወጣችውን የውኃ ከረጢት ጣሪያው ላይ ካለው ማንጠልጠያ ሰቅላ፣ በቀጭን ቱቦ ወደ ሆዷ ስትሞላና ቆይታ መልሳ ስታፈሰው ምንም አልገረመኝም። እንዲያውም ኮራሁባት። የሌሎች ልጆች እናቶች እንደማንም ሰው ይኖራሉ፤ የኔ እናት ግን እንደ ጀልባ ትሞላለች፣ እንደ ጀልባ ትደፋለች። ኩላሊቶቿ ሥራ ማቆማቸውን፣ ያ ውኃ ደሟን የሚያጥብላት መሆኑን የተረዳሁት ኋላ ነው።

የምንጠብቀውን ነገር ግን በራሴ ደረስኩበት።

ባለፈው ጸደይ ከኛ ጋር አብረው ይጓዙ የነበሩት አባባ ሲሪልና እማማ ኤድና እንዲሁ ስልክ ሲጠብቁ ከርመዋል። ከተማው ዳር ቋሚ ማሰሪያ ለማግኘት ወረፋ ይዘው ነበር። እዚያ ቧንቧው ደጃፍ ላይ ነው፤ መብራት አለ፤ ፖስተኛ በስም እየጠራ ይመጣል። ማሰሪያ የሚገኘው ደግሞ በቦታው ያለው ሰው ሲለቅ ብቻ ነው። አንድ ቀን ስልካቸው ጮኸ፣ እማማ ኤድና አለቀሰች፣ ኬክ ተቆረሰ፣ ሄዱ። በቃ፣ ነገሩ ገባኝ። እኛም የምንጠብቀው ማሰሪያ ነው። እናቴ መንከራተቱ ሰልችቷታል፤ ፊቷ አመድ የመሰለው፣ አንድ ባልዲ አንስታ ቁጭ የምትለው ለዚያ ነው። ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ማሰሪያችንን በሐሳቤ ሠራሁት። የፖም ዛፍ ተከልኩበት። በክረምት የማይቀዘቅዝ ቧንቧ አቆምኩለት። እናቴን ዛፉ ሥር ወንበር ላይ አስቀመጥኳትና ጉንጯን ቀይ አደረግኩት። ማታ ስተኛ እዚያ ሄጄ ነበር የምተኛው።

እትዬ ዶርካስ በቦዩ ላይ የድንጋይ ከሰል፣ ናፍጣና ቡታጋዝ በጀልባ እየዞረች የምትሸጥ ሴት ናት። ወሬም የሚዞረው በሷ ነው። ማን ወለደ፣ የማን ሞተር ተቃጠለ፣ የትኛው የቦዩ የውኃ መዝጊያ በር ያፈሳል፣ ሁሉንም ከጆንያው ጋር ታወርዳለች። ፊቷ ሁልጊዜ ጥቁር ስለነበር እኔ እንደዚያ የተፈጠረች መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ከሰላችንን አራግፋ ሻይ ልትጠጣ ገባች። እኔ ጠረጴዛው ሥር ከድመቷ ጋር ነበርኩ። ልጅ ጠረጴዛ ሥር ከገባ ትልልቆች የሌለ ይመስላቸዋል።

«ስልኩ ይጩህ ብዬ መጸለይ እንኳ እፈራለሁ፣» አለች እናቴ። «ምን እየለመንኩ እንደሆነ አውቀዋለሁ፣ ዶርካስ። የማንን ቤት ነው የማፈርሰው?»

«አንቺ የማንንም አታፈርሺም። ጸለይሽም አልጸለይሽም የሚሆነው ይሆናል።»

«ሰው ነው እኮ። ጠዋት ቁርሱን በልቶ የሚወጣ ሰው።»

«ስሚኝ፣ ሔስተር። የሚሄድበትን ቀን አንቺ አልቆረጥሽለትም። ሄዶ የተወልሽን እምቢ ብትዪ ግን ለሱ ምን ይጨምርለታል?»

እናቴ አፍንጫዋን ስትስብ ሰማሁ። የሰው ማሰሪያ መውሰድ አሳፍሯታል! እናቴ እንዲህ ናት፤ ወረፋዋ ደርሶ እንኳ ቧንቧ ላይ «እናንተ ቅደሙ» ትላለች። እሷ መጸለይ ከፈራች እኔ እጸልይላታለሁ አልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ብርድ ልብሴ ውስጥ ገብቼ፣ «እግዚአብሔር ሆይ፣ ያ ሰው ዕቃውን ጠቅልሎ ቶሎ ይልቀቅልን። ለሱም የተሻለ ቦታ ስጠው፣» እል ነበር።

ይህን ጸሎት ዛሬ ሳስታውሰው ሰውነቴን ይወርረኛል። የመጨረሻዋን ነገር በመጨመሬ ግን ደስ ይለኛል።

በመከር ወራት ማለቂያ ላይ ቦታ መቀየሪያችን ደረሰ፤ የውኃ ታንከራችንም ባዶ ሆነ። ቀጣዩ ቧንቧ ከጥልቁ ማዶ ነው። ጥልቁ የምንለው ድሮ ቦዩን ለማሳለፍ ድንጋዩን በእጅ ፈልፍለው ያወጡትን ረጅም ጎድጓዳ ነው። ግራና ቀኙ እርጥብ አለት ሽቅብ ይወጣል፤ ከላይ ዛፎቹ ተቃቅፈው ሰማዩን ዘግተውታል። ለስልክ ደግሞ ጉድጓድ ነው።

«እዚያ ውስጥ ኔትወርክ የሚባል ነገር የለም፣» አለ አባቴ መሪውን እንደያዘ።

«ተሻግረን እስክንወጣ ነው፣ ክላይቭ። ዓመት ሙሉ ያልጮኸ ስልክ ዛሬ ይጮሃል?»

«ዛሬ ቢጮህስ?»

«የዶርካስን ቁጥር ሰጥተናቸው የለም? እኛን ካጡ ለሷ ይደውላሉ። ይልቅ ንዳ፤ ሻይ የምናፈላበት ውኃ የለም።»

ገባን። እኔ ጣሪያው ላይ ተቀምጬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጠብታው ከአለቱ እየወረደ አንገቴ ውስጥ ይገባል። የሞተራችን ድምፅ ከድንጋዩ እየተመለሰ ሌላ ጀልባ ከኋላ የሚከተለን አስመሰለው። የመጥረጊያ እንጨቱ ከአለቱ ቁመት ጋር ሲተያይ ክብሪት አከለ፤ ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያዘንኩለት። መሀሉ ላይ ስንደርስ ሞተሩ አጓራ፣ ጀልባዋ ተንቀጠቀጠች፣ ዝም አለች።

አባቴ አንድ የማልጽፈውን ቃል ተናገረ። ውኃው ውስጥ የተጣለ የሸራ ቁራጭ ጀልባዋን በሚገፋው ማራገቢያ ላይ ተጠምጥሟል። ይህ እኛ ዘንድ ብርቅ አይደለም፤ ከኋላ ያለውን ክዳን ከፍቶ፣ በደረቱ ተኝቶ፣ እጁን እስከ ትከሻው ቀዝቃዛው ውኃ ውስጥ ከቶ በዳቦ ቢላ መቁረጥ ነው። እናቴ ከጎኑ ተንበርክካ ትከሻውን ያዘችለት። ቢቆርጥ ቢቆርጥ ሸራው አላልቅ አለ። እናቴ ደጋግማ ወደ እንጨቱ ቀና ትላለች።

ያኔ ነው ጡሩምባውን የሰማሁት።

በኛ ቦይ ጡሩምባ የሚነፋው ጠማማ ወይም ዋሻ ሲደረስ ነው፤ አንዴ ረዘም ተደርጎ ይበቃል። ይሄኛው ግን ማቆም እምቢ አለ። ከኋላችን፣ ከሩቅ ጀመረ። እሱ ሳያበቃ ሌላ ቀጠለ፣ ከዚያ ሌላ፣ እያንዳንዱ ወደኛ እየቀረበ። ድምፁ ጥልቁ ውስጥ ሲገባ አለቱ ራሱ ያጓራ መሰለኝ፤ እርግቦች ከዛፎቹ ግር ብለው ተነሡ። በሕይወቴ እንደዚያ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። ንጉሥ ይመጣል ብዬ ነበር። አባቴ ክንዱን ከውኃ አውጥቶ ቁጭ አለ፤ እናቴ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቀረች።

ኋላ እንደነገሩኝ፣ ይህን ያዘጋጀችው እትዬ ዶርካስ ናት። በጋውን ሙሉ ከሰል ባራገፈችበት ጀልባ ሁሉ፣ «እኔ ሳላቋርጥ ከነፋሁ እናንተም ንፉ፣ እግር ያለው ይሩጥ» ስትል ከርማለች። የእናቴን ነገር ቦዩ በሙሉ ያውቀው ነበር። በአጠገባችን የሚያልፉ ጀልባዎች ሁሉ አልጋዋ እንዳይናወጥ ሞተራቸውን ዝግ ያደርጉ ነበር፤ እኔ ደግሞ ለአባቴ ክብር ይመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የደረሰው ባዝ ነው፤ ጀልባውን ከኋላችን አስሮ የሚኖር ጎረምሳ። ብስክሌቱ ጭቃ፣ እሱ ጭቃ።

«ስልካችሁ አይነሳም!» አለ እያለከለከ። «ለዶርካስ ደውለው ነበር። ዛሬ ነው፣ ሔስተር። አሁን። ለሊኔት እናት ተገኝቷል በል ብላኛለች። አምቡላንሱን ከጥልቁ ማዶ የውኃ በሮቹ ጋ አስቁማዋለች፤ ከዚያ በላይ መኪና አይገባም። ቶሎ ካልደረሰች ለሌላ ይሰጣል።»

ተገኝቷል! እኔ ጣሪያው ላይ ዘለልኩ። ጸሎቴ ሠራ! እናቴ ግን አልዘለለችም። ወለሉ ላይ ተቀመጠች።

«ዛሬ?» አለች። «ምስኪን። ማን ይሆን?»

«ሔስቲ፣ ኮትሽን ልበሺ፣» አለ አባቴ። «ኋላ እናለቅሳለን። አሁን ኮትሽን።»

ከኋላ ሰዎች መምጣት ጀመሩ። ከፊታችንም፣ በኛ ምክንያት መንገድ ተዘግቶባቸው የቆሙ ጀልባዎች ነበሩና ሰዎቻቸው ወረዱ። የቦዩ ዳር መንገድ ጥልቁ ውስጥ ጉልበት የሚውጥ ጭቃ ነው፤ እናቴ ደግሞ ጤነኛ ሆና እንኳ በዚያ አትራመድም።

«እንሸከማትና እንሩጥ፣» አለ ባዝ።

«አንተ ብቻህን ሦስቴ የወደቅክበትን መንገድ እሷን ተሸክመህ ልትሮጥበት?» አለች ጸጉሯን በሻሽ የጠቀለለች አንዲት ሴት። «ጀልባዋን ከነሴትዮዋ እንጎትት። ድሮ የሚጎትታት ፈረስ አልነበረም?»

«ፈረሱ ታዲያ የታለ?»

«አንተ አለህልን አይደል። ያዝ ገመዱን።»

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። ያን ጊዜ በዐይኔ አየሁት። አባቴ ያለንን ገመድ ሁሉ አውጥቶ ከጀልባዋ አፍንጫ ላይ አሰረ። ሽማግሌው፣ ሴቱ፣ ውሻ ያስከተለው፣ ሁሉም ትከሻውን ሰጠ። መጀመሪያ ምንም አልሆነም። ከዚያ «ትዕግሥት» እንደ ከባድ ላም ቀስ ብላ ተነሣች። ሞተር የለም፣ ድምፅ የለም፤ የሰዎቹ ትንፋሽና ጭቃው ሲጠባ ብቻ። አለቱ በግራና በቀኜ ወደ ኋላ ይሄዳል። እኔ ከፊት ጣሪያው ጫፍ ላይ ተቀምጬ፣ ያ ሁሉ ሰው ጎንበስ ብሎ እኛን ሲስብ አያለሁ። ምንም ያላደረግንላቸው ሰዎች ናቸው። አንዳንዶቹን አላውቃቸውም። ቤታችንን ከነድመቷ ከነምድጃዋ ተሸክመው ወደ ማሰሪያችን እየወሰዱን መሰለኝ፤ ማልቀስ አማረኝ፣ ምክንያቱን ግን አላውቀውም ነበር።

እናቴ ኮቷን ለብሳ ከታች በሩ ላይ ተቀምጣለች። አንዱ ሲወድቅ «ይቅርታ» ትላለች፤ ሌላው ሲያዳልጠው «ይቅርታ» ትላለች።

«ሔስተር፣ አንድ ጊዜ ደግመሽ ይቅርታ ካልሽ ገመዱን ለቅቄ እሄዳለሁ፣» አላት አንድ ሽማግሌ። ሁሉም ሳቁ፤ እሷም ሳቀች።

እትዬ ዶርካስ የደረሰችው ጥልቁ መከፈት ሲጀምር ነው። ያቺ ወፍራም ሴትዮ የልጅ ብስክሌት ላይ ተቀምጣ፣ ጉልበቷ አገጯን እየነካ መጣች። ብስክሌቱን ቁጥቋጦ ውስጥ ወርውራ ገመዱን ያዘች። እኔ ከላይ ሆኜ መጠበቅ አልቻልኩም።

«እትዬ ዶርካስ! ማን ነው የለቀቀልን?»

ጎታቾቹ ሁሉ ገመዱን ጠበቅ አድርገው ሳቡ።

«አላውቅም፣ የኔ እናት፣» አለች እትዬ ዶርካስ። «ስሙን አይነግሩንም።»

«ደግ ሰው ነው?»

«ደግ ነው። ከደግም ደግ።»

«እኛ አመሰገንንህ በዪልኝ። የተሻለ ቦታም ያግኝ።»

እትዬ ዶርካስ አንገቷን አቀረቀረች። በከሰሉ ፊቷ ላይ ሁለት ነጭ መስመር ሲወርድ አየሁና ላብ ነው አልኩ። ከኋላዋ ያለው ሽማግሌ ቆቡን አውልቆ ደረቱ ላይ ያዘ፤ በአንድ እጁ ነበር የሚጎትተው። ሞቆት መሰለኝ።

በሮቹ ጋ ስንደርስ አምቡላንሱ በሩን ከፍቶ ቆሟል። እናቴን ከጀልባ ወደ መሬት፣ ከመሬት ወደ መኪና አሳለፏት። አባቴ እስከ ትከሻው በረጠበ ሹራቡ ተከትሏት ገባ። እናቴ ጭንቅላቷን አወጣችና፣ «ሊኔት፣ ከዶርካስ ጋር ሁኚ፤ እመለሳለሁ፣» አለችኝ። ያን ጊዜ ብቻ ፈራሁ። ወደ ማሰሪያ የሚሄድ ሰው ቤቱን ትቶ እንዴት ይሄዳል? እትዬ ዶርካስን ብጠይቃት እጄን ጨበጠችው። መኪናው ከዐይናችን እስኪጠፋ ከጎታቾቹ አንድም ወደ ጀልባው የተመለሰ አልነበረም።

ከጥቂት ቀን በኋላ እትዬ ዶርካስ ፊቷን ታጥባ መጣች፤ ላላውቃት ምንም አልቀረኝ። ሆስፒታል ወሰደችኝ። እናቴ ትራስ ተደግፋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ቀይ ነበር። በሐሳቤ የሠራሁት ጉንጭ ቁርጥ ያንኑ ነበር፤ የፖም ዛፉ ብቻ ነው የጎደለው።

«ወደ ማሰሪያችን መቼ ነው የምንሄደው?» አልኳት።

«የምን ማሰሪያ?»

«ሰውየው የለቀቀልን ነዋ።»

አባቴና እናቴ ተያዩ። አባቴ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እናቴ እጁን ያዘችውና እኔን አልጋው ላይ አወጣችኝ።

«ሊኔት፣ ያ ሰው ከማሰሪያ አልለቀቀም። ሞቷል። በሕይወት እያለ ግን፣ እኔ ስሞት ከሰውነቴ ለሌላ የሚሆነውን ስጡ ብሎ ነበር። ለኔ ኩላሊቱን ሰጡኝ።»

«የት ነው ያለው?»

እጄን ወስዳ ሆዷ ላይ፣ ከታች በቀኝ በኩል፣ ፋሻው ላይ አስቀመጠችው። ይሞቃል። የማላውቀው ሰው፣ ስሙን ዛሬም ድረስ ያልነገሩን ሰው፣ ከመዳፌ ሥር አለ። እናቴ ይኸው እስከ ዛሬ በሱ ትኖራለች። ያን ቀን ግን ይህን ሁሉ የት አውቄው፤ እጄን ማንሳት አቃተኝ።

«እንግዲያው ቦታ ያገኘው እሱ ነዋ፣» አልኩ በመጨረሻ። «የሰጠነው እኛ ነን።»

አባቴ ወደ መስኮቱ ዞረ።

«ጀልባ ላይ መኖር ያውቅበታል?»

«ኧረ አታስቂኝ፣ ስፌቴ ይፈታል!» አለች እናቴ፤ ሆዷን ይዛ እያለቀሰች ሳቀች። «ይለምዳል። አንቺ ታለማምጂዋለሽ።»

እናቴ ወደ ቤት የተመለሰች ቀን ጀልባዋ ደጃፍ ላይ ቀድሜ ቆምኩ። አባቴ ክንዷን ይዟል፤ እትዬ ዶርካስ ከኋላ ናት። እኔ ወደ ኮቷ ቁልፍ ጠጋ ብዬ፣ ለእንግዳ በሚነገር ድምፅ፣ «እዚህ ጋ ጭንቅላትህን ዝቅ አድርግ፤ መጀመሪያ ቀን በሩ ሁሉንም ሰው ይመታዋል፣» አልኩት።

እናቴ ለራሷም ለሱም ጎንበስ ብላ ገባች።